ሁለት ሳጥን በአንድ መደርደሪያ ላይ

ለዚህ ወር ዓምዳችን ርዕሱን የሰጠችን ከቦንጋ ደብዳቤ የጻፈችልን አንዲት እህታችን ናት። ደብዳቤው አራት ገጽ ስለሆነ ሁሉንም ማተም አልተቻለንም፤ ፍሬ ነገሩን እንነግራችኋለን። መልሳችን ግን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ስልክና ኮምፒዩተር በገባበት ቤት ለምትኖሩ ሁሉ ነው።

እህታችን እንደጻፈችው አባቷ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቡናና ማር የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አኺራ ሲሄዱ አንድ ወፍራም ደብተር ትተው ሄዱ። ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ እሳቸውም ለማን ምን ያህል መክፈል እንዳለባቸው በእጃቸው የጻፉበት ደብተር ነው። እንደሚታወቀው ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ መከፈል አለበትና ይህ ደብተር ለልጆቹ ተራ ወረቀት አልነበረም። የክረምቱ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ጠርዙን ሲያረጥበው ጊዜ ልጆቹ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሡት። በዚያው ሰሞን ደግሞ አያታቸው ስለ ቤተሰቡ የዘር ሐረግ፣ ስለ ድሮው የቦንጋ ገበያ፣ ስለ ልጅነታቸው በካፊኖኖ ሲያወሩ በስልክ ቀዱ። ሦስት ቅጂ ነበር፤ በድምሩ ከሁለት ሰዓት ይበልጣል።

አጎታቸው ከጂዳ ሲመለሱ ሁለት የቤት ማከማቻ ሳጥኖች ይዘውላቸው መጡ። ሳጥን የምንለው የኮምፒዩተር ሰዎች «ናስ» የሚሉትን ነው፤ ይኸውም በውስጡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሀርድ ዲስክ የሚይዝ፣ በገመድ ከራውተሩ ጋር የሚገናኝ፣ በቤቱ ያለ ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ ፋይል የሚያስቀምጥበትና የሚያወጣበት ትንሽ ማሽን ነው። ታላቅ ወንድሟ ሁለቱን ሳጥኖች ሳሎን ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ በአንድ ዲቫይደር ሰካቸው፤ በአንዱ ላይ የተደረገው ሁሉ ወዲያው በሌላውም ላይ እንዲደረግ አድርጎ አስተካከላቸው። ቤተሰቡም እፎይ አለ።

በረመዳን አንድ ሌሊት ታናሽ ወንድሟ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ «አዲስ ፎልደር 3» የሚል ስም የያዘ ፎልደር አጠፋ። የደብተሩ ፎቶዎችና የአያታቸው ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሱሑር ላይ ሲፈልጉት ከመጀመሪያው ሳጥን ጠፍቷል። ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ እዚያም የለም። «ሁለተኛው ሳጥን የታዘዘውን ነው የፈጸመው» ትላለች እህታችን፤ «ታዲያ ምን ሊጠቅመን ነው ያስቀመጥነው?»

ደብዳቤው እንደደረሰን በሰጠችን ቁጥር ደወልንላት። በቅድሚያ የጠየቅናት ስለ ቆሻሻ ቅርጫቱ ነው። እነዚህ ሳጥኖች ልክ እንደ ኮምፒዩተር የጠፋ ፋይል ለጊዜው የሚቆይበት ቅርጫት አላቸው፤ ነገር ግን ለየፎልደሩ እንዲሠራ መደረግ አለበት። በመጀመሪያው ሳጥን ላይ ጭራሹን አልተከፈተም ነበር። በሁለተኛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ሆኖም በየሰባት ቀኑ ራሱን ባዶ እንዲያደርግ ስለተሞላ እኛ ስንደውል ጊዜው አልፏል። የደብተሩ ነገር አልሐምዱሊላህ ቀላል ነው፤ ደብተሩ ራሱ ስላለ እንደገና ፎቶ ይነሣል። ከአያታቸው ሦስት ቅጂ አንዱ ጅማ ለምትኖረው አክስታቸው በቴሌግራም ተልኮ ስለነበር ተገኘ። ሁለቱ ግን አልተገኙም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተረፈችው ቅጂ የተረፈችው ከሁለቱ ሳጥኖች በአንዱ ስለነበረች አይደለም፤ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ስለነበረች ነው።

በእህታችን ቤት የተፈጠረውን የታናሽ ወንድሟ ጥፋት ብቻ አድርገን አንይ። ፋይል በስሕተት ማጥፋት በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ዋናው ችግር ማመሳሰልና መጠባበቂያ ቅጂ እንደ አንድ ነገር መታየታቸው ነው። ማመሳሰል እንደ መስተዋት ነው፤ ፊትህን ብትታጠብ ታጥበህ ያሳይሃል፣ ጥላሸት ብትቀባም ያንኑ ያሳይሃል። መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ የሚባለው፣ ትናንትን የሚያስታውስ ነው። ዛሬ ማታ የሚወሰደው ቅጂ የትናንት ማታውን አይሽረውም፤ ሁለቱም ይቆያሉ። ስለሆነም ማክሰኞ የጠፋውን ፎልደር ሐሙስ ስታውቁ ወደ ሰኞ ቅጂ ትመለሳላችሁ። «ታዲያ የሠላሳ ቀን ቅጂ ሠላሳ እጥፍ ቦታ አይፈጅም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይፈጅም። ሶፍትዌሩ የሚያስቀምጠው በየዕለቱ የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ፎቶና ድምፅ ለሚበዛበት ቤት ጭማሪው ጥቂት ነው።

በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁለት ዲስኮችም ብዙ ሰው ያታልላሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር እንዲይዙ ማድረግ (ሬይድ 1 ይሉታል) ጥቅሙ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቋረጥ ነው። ፋይሉ በስሕተት ከጠፋ፣ ሳጥኑ ከተሰረቀ ወይም ቤቱ ከተቃጠለ ግን አንዳች አይረዳም።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከአገራችን ክፍሎች ሁሉ ዝናቡ የሚረዝምበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋ ባዮስፌር ብሎ የመዘገበው ያ ደን በዚያ ዝናብ ነው የሚኖረው። ለቡናው በረከት የሆነው ዝናብና መብረቅ ግን ለኤሌክትሪክ ዕቃ አይራራም። በአንድ ዲቫይደር የተሰኩ ሁለት ሳጥኖች መብረቅ ቢመታቸው አብረው ይመታሉ፤ ሌባ ቢመጣም አንዱን አንሥቶ ሌላውን አይተውም። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቴ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ መጣና ኮምፒዩተሬና አጠገቡ የተሰካው ዲስክ አብረው ተቃጠሉ። ዲስኩ የኮምፒዩተሩ መጠባበቂያ ነበር።

ቅጂን በተለያየ ቦታ ማኖር አዲስ ነገር አይደለም። የቁርኣን ጥበቃ የአላህ ቃል ኪዳን ነውና ከእኛ ፎቶና ደብተር ጋር አናነጻጽረውም፤ ሰሓቦች ግን ሰበቡን እንዴት እንዳደረሱ ሁላችንም የተማርነው ነው። በየማማ ጦርነት ብዙ ቃሪኦች ሸሂድ ሲሆኑ ዑመር አቡ በክርን አሳሰቧቸው፤ ዘይድ ኢብን ሣቢትም ቁርኣንን እንዲሰበስቡ ታዘዙ። በዑስማን ዘመን ደግሞ ቅጂዎች ተጽፈው ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ተላኩ፤ ሁሉም መዲና ውስጥ በአንድ ቤት አልተቀመጡም።

በአገራችንም የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ነበር። ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍት በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ እየተፈለጉ በፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ተቀመጠ፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ የጦርነት ዓመታትም ተከተሉ። ካታሎጉን ካዘጋጁት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከአገር ወጥተው ለብዙ ዓመታት የሠሩት በዚያ በሩቁ ቅጂ ላይ ነው።

ለካፋ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረጅም ዘመን መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰበው የቡና ዓይነት ሕይወት ያለው ዛፍ ሆኖ በሌላ ቦታ ይተከላል፤ በጅማ ዞን ጮጬ የሚገኘው የቡና ማሳ አንዱ ነው። ጫካው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ዝርያው እዚያ ይገኛል ማለት ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ይህንኑ ሐሳብ ሰው በቀላሉ እንዲይዘው በሦስት ቁጥሮች አስቀምጦታል፦ 3፣ 2፣ 1። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤትህ ውጭ ይቀመጥ። እህታችን ቤት ሁለት ሳጥን አለ። አክስታቸው ጅማ አሉ። የጎደለው አንዱን ሳጥን ወደ ጅማ መውሰድ ብቻ ነው። ቦንጋና ጅማ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው የሚራራቁት፤ ሚኒባስ በየቀኑ አለ።

ሆኖም ሳጥኑን ባዶውን ወስዳችሁ ጅማ ላይ አትሰኩ። ምክንያቱን በስሌት እንየው። እህታችን እንደነገረችን በሳጥኑ ውስጥ 800 ጊጋባይት የሚያህል ፎቶ፣ ቪዲዮና ድምፅ አለ። የቤቱ ኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። 800 ጊጋባይት በ8 ሲባዛ 6,400 ጊጋቢት ይሆናል፤ ይህን በ2 ሜጋቢት ለመላክ 3,200,000 ሰከንድ ይፈጃል። ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ 37 ቀን ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ይራዘማል፤ የኢንተርኔቱንም ሂሳብ አስቡት። ሁለቱ ሳጥኖች ገና ቦንጋ፣ በአንድ ራውተር ላይ በገመድ ተያይዘው ሳሉ ግን ይኸው ሥራ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ቤት ውስጥ አድርጉ፤ ከዚያ ሳጥኑን በሥርዓት አጥፍታችሁ፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ፣ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በጉልበታችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

ጅማ ከደረሰ በኋላ በየሌሊቱ የሚላከው አዲስ የገባውና የተለወጠው ብቻ ነው። አንድ ሰርግ ተደርጎ 200 ፎቶ ቢገባ፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ጠቅላላው 800 ሜጋባይት ነው፤ በዚያው በቀርፋፋው መስመር ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል። የተለወጠውን ብቻ የመላክን ዘዴ «አርሲንክ» በተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ለዓለም ያቀረቡት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ የተባሉ አውስትራሊያውያን ናቸው። እስከ ዛሬም አብዛኞቹ ሳጥኖች ይህን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ሁለቱ ሳጥኖቻችሁ የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ቢሆኑ የሚግባቡት በእሱ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሁለቱም ሳጥን ሲኖሎጂ ከሆነ ላኪው ላይ «ሃይፐር ባክአፕ»፣ ተቀባዩ ላይ «ሃይፐር ባክአፕ ቮልት» የተባሉትን ጫኑ። ኪውናፕ ከሆነ «ሃይብሪድ ባክአፕ ሲንክ» የሚባለው አለ፤ እዚህ ላይ «ሲንክ» የሚለውን ሳይሆን «ባክአፕ» የሚለውን መምረጥ አትርሱ፤ የእህታችንን ቤተሰብ ያሳሳተው ያ ምርጫ ነውና። ተቀባዩ ሳጥን ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ አካውንት ክፈቱ። ይህ አካውንት ወደ አንድ ፎልደር ብቻ ይግባ እንጂ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አይኑረው፤ የይለፍ ቃሉም ከሌላው የተለየ ይሁን። ሥራው በየሌሊቱ ሁሉም ተኝቶ ሳለ እንዲጀምር፣ የየዕለቱም ቅጂ ለ30 ቀን፣ የየወሩ ደግሞ ለዓመት እንዲቆይ ሙሉት። ሳጥኑ ጅማ ሲገባ አዲስ ሥራ አትፍጠሩ፤ የተቀባዩን አድራሻ ብቻ ለውጡ። አዲስ ከፈጠራችሁ ከሀ ይጀምርና ወደ 37 ቀናችሁ ትመለሳላችሁ።

የምስጢር ቁልፉን ነገር ሳናነሣ አናልፍም፤ ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነውና። በሳጥኑ ውስጥ እናቶችና እህቶች በቤታቸው፣ በሴቶች ሰርግ ላይ የተነሡት ፎቶ አለ። ሳጥኑ አክስት ቤት ሲቀመጥ የአክስት ልጆች አሉ፤ የልጆቹ ጓደኞች አሉ፤ አንድ ቀን ደግሞ ተበላሽቶ ወደ ጥገና ቤት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቅጂው ከቦንጋ ሳይወጣ በፊት እንዲቆለፍ አድርጉ። ሃይፐር ባክአፕ ላይ ይህን የምትመርጡት ሥራውን መጀመሪያ ስትፈጥሩ ነው፤ በኋላ ልጨምር ብትሉ አይቻልም። የተቆለፈ ቅጂ ጅማ ላይ ለሚያየው ሰው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ቁልፉ ከጠፋ ግን ለባለቤቱም ያው ነው፤ ከፋብሪካው ሰው ጀምሮ ማንም ሊከፍትላችሁ አይችልም። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን እናት ሳንዱቅ ውስጥ፣ ሌላውን ቤተሰብ የሚያምነው ሰው ዘንድ አኑሩ። ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ የቤትን ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ነው።

ሁለቱ ሳጥኖች በኢንተርኔት እንዴት ይገናኙ? አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባዮች የራውተሩን ፖርት ከፍታችሁ ሳጥኑን ለዓለም አሳዩት ይላሉ። አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 «ኪውሎከር» የተባለው ተንኮል በዓለም ዙሪያ ለኢንተርኔት የተከፈቱ የኪውናፕ ሳጥኖችን ፋይል በይለፍ ቃል ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.01 ቢትኮይን ጠየቀ። በጥር 2022 ደግሞ «ዴድቦልት» የተባለው ተከተለ፤ የእሱ ዋጋ 0.03 ነበር። ሲኖሎጂም በ2014 «ሲኖሎከር» ደርሶበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተጠቁት የግለሰብ ሳጥኖች ናቸው፤ የልጆች ፎቶ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ።

በፖርት ፋንታ «ቴይልስኬል»ን የመሰለ የግል መስመር ተጠቀሙ። ሁለቱም ሳጥን ላይ ይጫናል፤ ለቤተሰብ አገልግሎት በነጻ ነው፤ ሁለቱ ሳጥኖች ከውጭ ሰው ተሰውረው እንደ አንድ ቤት ዕቃ ይገናኛሉ። በሲም ካርድ ኢንተርኔት ለምትጠቀሙም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የስልክ ኔትወርክ ለየቤቱ የራሱን የውጭ አድራሻ ስለማይሰጥ ፖርት ብትከፍቱም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። በአዲሶቹ የሲኖሎጂ ሳጥኖች ላይ ከሳጥኑ ወደ ውጭ ለመገናኘት አንድ ተጨማሪ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህን ካላደረጋችሁ ተቀባዩ ይታያል፣ ላኪው ግን «አልተገናኘሁም» እያለ ያታክታችኋል። ተቀባዩ ሳጥን ስናፕሾት የሚባለውን የሚችል ከሆነም ክፈቱት፤ ላኪው ቢጠቃና የተበላሸ ነገር ቢልክ እንኳ ጅማ ላይ ያለው የቀደመው መልክ ይቆያል።

ስለ መብራት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሁለቱም ቤት ዩፒኤስ ይኑር፤ በዩኤስቢ ገመድ ከሳጥኑ ጋር አያይዙት፤ ባትሪው ሲዳከም ሳጥኑ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። የመብረቅ ቀን ከራውተሩ የሚመጣውንም ገመድ ንቀሉ፤ መብረቅ በመብራት መስመር ብቻ አይገባም። የካፋ እርጥበት ደግሞ ለብቻው ነገር ነው። ሳጥኑ አየር በሚያገኝበት፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከቡናው ጭስና ከዕጣኑ ርቆ ይቀመጥ። በላስቲክ ሸፍነን ከአቧራ እናድነው የምትሉ እናቶች፣ እባካችሁ ላስቲኩን አንሡት፤ ይታፈናል።

ኢንተርኔት ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለብዙዎች ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበረ የምታስታውሱት ነው። እንዲህ ሲሆን ሳጥኖቹ መስመሩ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ አትደንግጡ። ለዚህ ጊዜ የሚሆን ሦስተኛ ቅጂ ግን ተራ የውጭ ዲስክ ላይ ይኑራችሁ። በወር አንድ ቀን ይሰካል፣ ይገለበጣል፣ ይነቀላል፣ ሳንዱቅ ውስጥ ይገባል። ያልተሰካ ዲስክን መብረቅም ሆነ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌባ አያገኘውም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ጨረስኩ ይላል። ቅጂው በየሌሊቱ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት እያሳየ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ይመለስ አይመለስ ግን ማንም አልሞከረም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 «ራይሲዳ» በተባለ ቡድን በተጠቃ ጊዜ የደረሰበትን ራሱ በመጋቢት 2024 ባወጣው ሪፖርት ገልጾታል። የዲጂታል ስብስቦቹ ቅጂ ሁሉ በእጁ ነበር። ሆኖም ቅጂውን የሚመልስበት የተዘጋጀ ሥርዓት ስላልነበረው አገልግሎቱ ለብዙ ወራት ተጓደለ። ያን ያህል በጀትና ባለሙያ ያለው ተቋም እንዲህ ከሆነ እኛ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ስለዚህ በየወሩ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የውጭ ዲስኩ በሚሰካበት ዕለት፣ ከልጆቹ አንዱ አንድ ፎልደር ይምረጥና ከጅማው ቅጂ ወደ ቦንጋ ይመልሰው። ወደ ቀድሞ ቦታው ሳይሆን «ሙከራ» በሚል አዲስ ፎልደር ውስጥ ይሁን። ፎቶው ይከፈት፤ ድምፁ ይሰማ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከወር በፊት የነበረውን ቅጂ መልሱ። ይህን ሥራ ለታናሽ ወንድምሽ እንድትሰጪው እንመክርሻለን፤ ከዚህ በኋላ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቀው እሱ ነው።

እህታችን በደብዳቤዋ መጨረሻ «ከሁሉ አስቀድሜ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃለች። ሳጥኑ ጅማ እስኪገባ አትጠብቂ። አያትሽ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አሉ፤ ድምፃቸው ከአምናው ደክሟል ብለሻል። በዚህ ሳምንት አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ የጠፉትን ሁለቱን ወሬዎች እንደገና እንዲነግሩሽ ለምኛቸው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጉልበታቸው አጠገብ ትራስ ላይ አድርጊው። ቡናው ከመወቀጡ በፊት ቅጂ፤ የሙቀጫው ድምፅ ሁሉን ይሸፍነዋል። ፎልደሩንም «አዲስ ፎልደር» ብለሽ አትተዪው፤ የአያትሽን ስምና ቀኑን ጻፊበት። የዚያኑ ዕለት ለአክስትሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ ያችንም የተረፈች አንድ ቅጂ ከስልካቸው እንዳያጠፉ ንገሪያቸው።